ለአረጋውያን ሕመም ጥናት የሚያዙ መለኪያዎች፦ የትኛው ይሠራል? ጠያቂውስ በምን ላይ ይሠልጥን?

ሥር የሰደደ ሕመም የሚባለው ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም ነው። አረጋውያን ላይ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ጉልበት፣ ወገብ፣ ትከሻና የእግር ጣት ማቃጠል በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። ይህን ለማጥናት የሚሠለጥን ተመራማሪ ወደ መስክ ሲወጣ ይዟቸው የሚሄዳቸው መለኪያዎች ግን በአብዛኛው ማንበብ የሚችል፣ በደንብ የሚያይና ቅጽ መሙላት የለመደ ሰው ታስቦ የተሠሩ ናቸው። ሐኪም ርቆት፣ ፊደል ሳይቆጥር ላረጀ ሰው ሲቀርቡ የትኛው ይጸናል? የትኛው ይከሽፋል? እዚህ የምንገመግመው ይህንን ነው፤ ከዚያም ሥልጠናው ምን ላይ ሊያተኩር እንደሚገባ እንናገራለን።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንስጥ። አንድ ቅጽ ብቻ ያዙ ከተባለ ሦስት ጥያቄ ብቻ ያለው አጭር መጠይቅ፣ ፔግ፣ ይያዝ። ጊዜና ፈቃድ ካለ ሰፋ ያለው የሕመም መጠይቅ፣ ቢፒአይ፣ የበለጠ ይናገራል፤ ግን መግቢያው ላይ ወጥመድ አለበት። የመርሳት በሽታ በርትቶበት በቃል መመለስ ላቃተው ሰው ጠያቂው ባሕርዩን አይቶ የሚሞላው መለኪያ፣ ፔይንአድ፣ ያስፈልጋል። ሰውየው በ100 ሚሊሜትር መስመር ላይ ምልክት እንዲያደርግ የሚጠይቀው የመስመር መለኪያ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዕድሜ በገፋ ቁጥር በትክክል መሙላት የሚያቅተው ሰው እየበዛ እንደሚሄድ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥና ዓይኑ ለደከመ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይመችም።

ቢፒአይ፦ ጥሩ ቅጽ፣ አሳሳች መግቢያ

ብሪፍ ፔይን ኢንቬንተሪ፣ በአጭሩ ቢፒአይ፣ መነሻው ቻርልስ ክሊላንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት የዊስኮንሲን መጠይቅ ነው። መጀመሪያ የታወቀው በካንሰር ሕሙማን ላይ ቢሆንም በኋላ ካንሰር በሌለባቸውና ሥር የሰደደ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይም ተፈትኖ ጥሩ ሆኖ ተገኝቷል። ቅጹ ባለመብት ስላለው ከመጠቀም በፊት ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። በብዙ ቋንቋዎች የተዘጋጁ ቅጂዎች አሉት፤ ራስ ተርጉሞ «ቢፒአይ» ብሎ መጥራት አይቻልም። የፈቃዱ ጥያቄ የጥናቱ ዕቅድ ሰነድ (ፕሮቶኮሉ) ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ከመግባቱ በፊት መላክ አለበት፤ ወደኋላ የሚገፋ ቡድን የመረጃ መሰብሰቢያው ቀን ደርሶበት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

አጭሩ ቅጽ በቁጥር የተቀመጡ 9 ጥያቄዎች አሉት። ችግሩ የሚጀምረው ከ1ኛው ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ብዙዎቻችን አልፎ አልፎ እንደ ቀላል ራስ ምታት፣ ወለምታ ወይም የጥርስ ሕመም ያለ የዕለት ተዕለት ሕመም ያጋጥመናል፤ ዛሬ ከእነዚህ የተለየ ሕመም ነበረብዎ? ለዓመታት ጉልበታቸው ሲያማቸው የኖሩ እናት ይህን ሲሰሙ «ኧረ የተለየስ የለም፤ ያው የለመድኩት ነው» ይላሉ። ለተጠየቁት ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ ሰጥተዋል። ያልሠለጠነ ጠያቂ ግን «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ቃለ መጠይቁን ይዘጋል፤ ጥናቱ የሚፈልጋቸው ሰው በገዛ ቅጹ ተገፍተው ይወጣሉ። መፍትሔው ማጣሪያውን ለብቻው ማድረግ ነው፦ «ባለፉት 3 ወራት ምን ያህል ጊዜ ሕመም ነበረብዎ? በፍጹም፣ አንዳንድ ቀን፣ አብዛኛውን ቀን፣ ወይስ በየቀኑ?» ከመጨረሻዎቹ ሁለት አንዱን የመለሱ ሁሉ፣ የ1ኛው ጥያቄ መልስ ምንም ይሁን ምን፣ ሙሉውን ቅጽ ይጠየቁ። «ሕመም የለብኝም» ብለው ቁርጥማት፣ ውጋት፣ ማቃጠል ወይም መደንዘዝ መኖሩን የሚናገሩ አረጋውያን ብዙ ስለሆኑ ማጣሪያው እነዚህንም በስማቸው ይጥራ።

2ኛው ጥያቄ የሰውነት ሥዕል ነው፤ የሚያመውን ቦታ አጥቁሮ በጣም የሚያመው ላይ የኤክስ ምልክት ማድረግ። እዚህ የሚበላሸው ግራና ቀኝ ነው። ፊቱን ወደ እኛ ያዞረው ሥዕል ቀኝ እጁ በእኛ ግራ በኩል ነው፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም በቀላሉ ያምታቱታል። አረጋዊው በራሳቸው ሰውነት ላይ በእጃቸው እንዲያሳዩ ማድረግ፣ ጠያቂው ደግሞ «ቀኝ ጉልበት» ብሎ ጮክ ብሎ ደግሞ ካረጋገጠ በኋላ ሥዕሉ ላይ ማስፈር ይሻላል። ይህ ልምምድ ሥልጠናው ላይ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ሳይደረግ ሲቀር ግን ስህተቱን በኋላ ከመረጃው ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ከ3 እስከ 6 ያሉት ባለፉት 24 ሰዓታት የነበረውን ከባዱንና ቀላሉን ሕመም፣ አማካዩን፣ ከዚያም አሁን ያለውን ከ0 እስከ 10 ይጠይቃሉ። «ቀላሉ» የሚለው ብዙ ያደናግራል፤ ከባዱን ገና የመለሰ ሰው ያንኑ ቁጥር ይደግማል። ቀላሉ ከአማካዩ፣ አማካዩም ከከባዱ ከበለጠ ጠያቂው ቁጥሩን ራሱ አያስተካክል፤ ሦስቱን መልሶች አንብቦ «እንደዚህ ነው ያሉኝ፤ ትክክል ይዣለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። መረጃው በሬድካፕ ወይም በመሰለው ፕሮግራም በታብሌት የሚሞላ ከሆነ ይህ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ሊገባ ይችላል።

7ኛው የሚወሰዱትን ሕክምናዎችና መድኃኒቶች፣ 8ኛው እነዚያ በመቶኛ ስንት ፐርሰንት እንዳቀለሉ ይጠይቃል። 8ኛው የቅጹ ደካማ ቦታ ነው። መቶኛ ተምሮ ለማያውቅ ሰው ጥያቄው ባዶ ድምፅ ነው፤ ከጨዋነት የተነሣ «ሃምሳ» ብሎ ይገላገላል። ደግነቱ ይህ ቁጥር በሕመም ክብደትም ሆነ በተጽዕኖ ድምር ውስጥ አይገባም፤ ሰውየው ካልገባው «አልተመለሰም» ብሎ ማለፍ ቁጥር አስጨንቆ ከማውጣት ይሻላል።

የቅጹ ልብ 9ኛው ነው፤ ሕመሙ በ7 ነገሮች ላይ ምን ያህል እንደገባ፦ በአጠቃላይ እንቅስቃሴ፣ በስሜት፣ በእግር መሄድ፣ በሥራ (የቤት ውስጥ ሥራን ጨምሮ)፣ ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት፣ በእንቅልፍ፣ በኑሮ ደስታ። የእነዚህ አማካይ የሚወሰደው ቢያንስ 4ቱ ከተመለሱ ነው። ሰፋ ያለ ሥልጠና የሚያስፈልገውም እዚህ ነው፤ ምክንያቱም አረጋውያን ሕመሙን የሚሸሹት ሥራውን በመተው ነው። ዳገት መውጣት ያቆሙ አባት «ሕመሙ መሄድ ይከለክልዎታል?» ሲባሉ «አይ፣ እኔ ሩቅ አልሄድም» ብለው 0 ሊሰጡ ይችላሉ። ጠያቂው መከራከር የለበትም፤ ጥያቄውን ከነመነሻ ሐረጉ ይደግምና መልሱን እንዳለ ይጽፋል። እውነቱን የሚያወጣው በኋላ የምንመጣበት የወንበር ፈተና ነው። ጭራሽ የማይራመድ ሰውም 0 አይሰጠውም፤ ጥያቄው አይመለከተውም ተብሎ ባዶ ይተዋል።

አምራቹ ቅጹን በ5 ደቂቃ ገደማ የሚሞላ አድርጎ ያየዋል። ለአረጋዊ እየተነበበ ሲሞላ ግን ቢያንስ 15 ደቂቃ ይመደብለት።

ፔግ፦ ሦስት ጥያቄ፣ ብዙ ሥራ

ፔግን ኤሪን ክሬብስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ከቢፒአይ ሦስት ጥያቄዎችን መርጠው ነው፦ ባለፈው ሳምንት የነበረው አማካይ ሕመም፣ ሕመሙ በኑሮ ደስታ ላይ የነበረው ተጽዕኖ፣ በአጠቃላይ እንቅስቃሴ ላይ የነበረው ተጽዕኖ። ሦስቱም ከ0 እስከ 10 ናቸው፤ ተደምረው ለ3 ይካፈላሉ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር ያለው ሂል የተባለው ፕሮግራም የሚደግፋቸው የሕመም ጥናቶች አብረው እንዲሰበስቧቸው በሚጠይቃቸው የጋራ መለኪያዎች ውስጥም አለ። የድብርትና የጭንቀት አጭር መጠይቆች የሆኑት ፒኤችኪው-2 እና ጋድ-2 ከጎኑ ይሰለፋሉ፤ ለአረጋውያን ጥናትም ይህ ጥምረት የሚስማማ ነው።

ፔግን የምንመርጠው አጭር በመሆኑ ብቻ አይደለም። በስልክ ይሠራል፣ በቃል ይነበባል፣ ሰውን ሳያሰለች በየወሩ ሊደገም ይችላል። ለክትትል ጥናት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤታቸው ሩቅ የሆኑ ተሳታፊዎች ከጥናቱ የሚጠፉት በዋናነት በድግግሞሹ መካከል ነውና።

ድክመቱም ግልጽ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ጥያቄዎች ሰውየው «በሕመሙ ምክንያት» የሚለውን ከሌላው ኀዘኑ እንዲለይ ይጠይቃሉ። የትዳር ጓደኛቸውን በቅርቡ የቀበሩ አረጋዊ የኑሮ ደስታቸው የጠፋው በጉልበታቸው ምክንያት አይደለም። ስለዚህ መነሻ ሐረጉ በ2ኛውም በ3ኛውም ጥያቄ ላይ ሙሉ በሙሉ ይነበብ፤ «እንቅስቃሴስ?» ብሎ ማሳጠር ፔግን የሚያበላሽ ዋናው የመስክ ስህተት ነው። ሌላው፣ ስለ እንቅልፍ ምንም አይጠይቅም። አንድ የእንቅልፍ ጥያቄ መጨመር ጥሩ ነው፤ ከፔግ አማካይ ውስጥ ግን አይግባ። የቢፒአይ አጭር ቅጽ 24 ሰዓት፣ ፔግ ደግሞ አንድ ሳምንት ወደኋላ ስለሚያዩ የሁለቱን ቁጥር አንድ ላይ አድርጎ ማነጻጸርም ስህተት ነው።

ቁጥሩን ማስተማር

ከ0 እስከ 10 የሚለው ለተማረ ሰው ቀላል ይመስላል። አጠያየቁ ግን ደረጃ አለው። መጀመሪያ ካርዱ፦ ቁጥሮቹ ከታች ወደ ላይ የቆሙበት፣ በትልቅና ደማቅ ጥቁር ፊደል በነጭና በማያንጸባርቅ ወረቀት የታተመ ይሁን። ወደ ላይ የሚወጣ ሚዛን ወደ ጎን ከተጋደመው ይልቅ ለብዙ አረጋውያን ይገባል። ጠያቂው ከመጀመሩ በፊት መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ መደረጉን ያረጋግጥ፣ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይጠፉ፣ ፊቱ ብርሃን ላይ ሆኖ ከንፈሩ በሚታይበት ርቀት ፊት ለፊት ይቀመጥ። ሁለቱን ጫፎች እየጠቆመ ይናገር፦ «0 ማለት ምንም ሕመም የለም፤ 10 ማለት ሊታሰብ የሚችለው የመጨረሻ ከባድ ሕመም ነው»። ከዚያ ዝም ይበል። ዝምታው ከባድ ነው፤ አብዛኛው አዲስ ጠያቂ ጥቂት ሰከንድ እንኳ ሳይቆይ «5 ይሆን?» ብሎ ይገባል፤ 5ም ይጻፋል። መረጃው ውስጥ የአንድ ጠያቂ 5 ቁጥሮች ከሌሎቹ በዝተው ሲታዩ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

«5ም 6ም ነው» ላሉ ሰው «ወደ የትኛው ያደላል?» ተብሎ አንዱ ይያዛል። ከሁለት ሙከራ በኋላ ቁጥሩ ካልገባ ወደ ቃል መለኪያ መሄድ ነው፦ ምንም የለም፣ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ በጣም ከባድ፣ ከዚህ የባሰ የማይታሰብ። የማስታወስ ችሎታቸው የቀነሰ አረጋውያን ከሌሎቹ መለኪያዎች ይልቅ በቃል መለኪያ የተሻለ ይመልሳሉ። በየትኛው እንደተጠየቁ ይመዝገብ፣ በሚቀጥለው ጉብኝትም ያው ይሁን፤ ቃሉንም ቢሮ ተመልሶ ወደ ቁጥር መለወጥ አይገባም።

ለውጥ ሲለካ ደግሞ ቁርጥ ያለ መስፈርት አስቀድሞ ይጻፍ። በስፋት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ትንተና 2,724 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 10 የመድኃኒት ሙከራዎች መርምሮ፣ 2 ነጥብ ወይም 30 በመቶ ገደማ መቀነስ ለሕመምተኛው ትርጉም ያለው መሻሻል መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱ ግን ሁልጊዜ አይስማሙም። ከ8 ወደ 6 የወረደ ሰው 2 ነጥብ ቢቀንስም 25 በመቶ ብቻ ነው፤ ከ3 ወደ 2 የወረደው 33 በመቶ ቢቀንስም 1 ነጥብ ነው። የትኛው እንደሚያዝ ከመረጃው በኋላ የሚወስን ቡድን ራሱን ያታልላል።

የፊት ሥዕሎች

በስፋት የሚታወቁት ሁለት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ዎንግ ቤከር በፈገግታ ይጀምርና በእንባ ይጨርሳል። ለአረጋውያን አንመክረውም፤ ሕመምን ከሐዘን ጋር ያቀላቅላል፣ «እኔ አላለቀስኩም» ብለው የመጨረሻውን ፊት የሚያልፉም ይኖራሉ። የተሻሻለው የፊት ሕመም መለኪያ ግን 6 ፊቶች አሉት፤ ፈገግታም እንባም የለውም፤ 0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 ተብሎ ይቆጠራል። የተሠራው ለልጆች ቢሆንም ለአዋቂዎችም ይሠራል፣ ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በነጻ ያቀርበዋል። ማንበብ ለማይችሉ ጥሩ አማራጭ ነው፤ የማየት ችግር ለበረታባቸው ግን አይደለም። ሲቀርብ «ደስታዎን ወይም ሐዘንዎን ሳይሆን ሕመምዎን የሚያሳየው የትኛው ፊት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ።

ፔይንአድ፦ መናገር ላቃተው

ፔይንአድ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የመርሳት በሽታቸው ለበረታ ሰዎች ነው። የሚታዩት 5 ነገሮች ናቸው፦ አተነፋፈስ፣ የማቃሰት ወይም የጩኸት ድምፅ፣ የፊት ገጽታ፣ የሰውነት ሁኔታ፣ ሲያባብሉት መጽናናቱ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ያገኛል፤ ድምሩ ከ10 ነው።

አሠራሩ ቀላል ስለሚመስል ሥልጠናው ላይ ቶሎ ይታለፋል፤ ስህተቱ የሚበዛውም በዚሁ ነው። አንደኛ፣ አልጋ ላይ ተኝቶ በተረጋጋ ሰው ላይ ተሞልቶ 0 ይወጣል። ያው ሰው ሲገለበጥ፣ ልብስ ሲለብስ ወይም ከአልጋ ሲነሣ ሌላ ነው። በእንቅስቃሴ ላይ እያለ ለ5 ደቂቃ ያህል ይታይ፤ ሲያርፍም ሲንቀሳቀስም ከተለካ ለየብቻ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የፔይንአድ 4 እና ሰው በአፉ የሚናገረው 4 አንድ አይደሉም። ይህኛው የሚቆጥረው የባሕርይ ምልክቶችን ነው፤ የሕመሙን ክብደት ደረጃ አይሰጥም። ሁለቱን በአንድ ዓምድ አስቀምጦ አማካይ ማውጣት ሙሉውን ትንተና ይጥለዋል። ሦስተኛ፣ ፍርሃት፣ ረሃብ፣ ሽንት መወጠር ወይም የሳንባ በሽታ ያመጣው ትንፋሽ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ መጀመሪያ ራሳቸው ይጠየቁ፣ ቀጥሎ ሕመም ሊያመጣ የሚችል ነገር ይፈለግ፣ ከዚያ ባሕርይ ይታይ፣ በመጨረሻ የሚያውቃቸው ሰው ይጠየቅ። መጠነኛ የመርሳት ችግር ያለባቸው ብዙዎች ስለ አሁኑ ሕመማቸው በአግባቡ መመለስ ይችላሉ፤ ምርመራው ላይ «የመርሳት በሽታ» የሚል ስለተጻፈ ብቻ አፋቸውን መዝጋት በደል ነው።

ቤተሰብ ሲመልስላቸውም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤተሰብ ሕመሙን አብዝቶ፣ ባለሙያ ደግሞ አሳንሶ የመገመት ዝንባሌ አላቸው። ልጃቸው ከጎናቸው ትቀመጥ እንጂ በጠያቂውና በእሳቸው መካከል አትሁን፤ ማን እንደመለሰም በየጥያቄው ይመዝገብ።

ሁለት ወንበርና አንድ ሰዓት

ቅጽ ብቻውን አይበቃም። በጣም ርካሹና ከሁሉም በላይ የሚናገረው መሣሪያ ወንበር ነው፤ የሚያስፈልጉት ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። «ተነሥቶ መሄድ» ለሚባለው ጊዜ የሚለካበት ፈተና መደገፊያ ክንድ ያለው፣ መቀመጫው ወደ 46 ሴንቲሜትር የሆነ ወንበር ይያዛል። ከወንበሩ 3 ሜትር ላይ መሬቱ ላይ መስመር ይደረጋል። ሰውየው የዘወትር ጫማውን አድርጎ፣ ምርኩዝ ካለው ይዞ፣ «ሂድ» ሲባል ይነሣል፣ በለመደው ፍጥነት መስመሩ ድረስ ሄዶ ይዞራል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ሰዓቱ «ሂድ» ሲባል ይጀምራል፣ ሲቀመጥ ይቆማል። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የመውደቅ ሥጋት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። የመጀመሪያው ዙር ልምምድ ነው፤ አይመዘገብም።

ለ30 ሰከንድ የመነሣትና የመቀመጥ ፈተና ደግሞ ክንድ የሌለው፣ ቁመቱ 43 ሴንቲሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ወንበር ያስፈልጋል። ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ፤ ሸርተት ብሎ ሰው ቢጥል ጥናቱ በዚያው ያከትማል። እጆች ደረት ላይ ይጠላለፋሉ፤ በእጁ ተደግፎ ካልሆነ መነሣት ያልቻለ ሰው ውጤቱ 0 ነው። 30ኛው ሰከንድ ላይ ከግማሽ በላይ ተነሥቶ ከሆነ እንደ አንድ ይቆጠራል። ከፈተናው በፊትና በኋላ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ይጠየቅ፤ በፔግ ላይ 2 ብለው ስድስት ጊዜ ተነሥተው 8 የሚሉ ሰው ቅጹ ያልያዘውን ነገሩን ማለት ነው። ወንበሩ ከተባለው ቁመት በታች ሲሆን መነሣት ይከብዳል፣ ውጤቱም ይወድቃል። ስለዚህ ያው ወንበር ከቤት ቤት ይዞ መዞር፣ አለዚያም ቁመቱን በሜትር ለክቶ መመዝገብ ይገባል።

ፈቃደኝነትና የመድኃኒት ከረጢት

ማስታወስን ለመፈተሽ ብዙ ሥልጠናዎች ሚኒ-ኮግን ያስተምራሉ፤ ሦስት ቃል ማስታወስና ሰዓት መሣል ነው፣ ከ5 ነጥብ ከ3 በታች ማግኘት የማስታወስ ችግር ሊኖር እንደሚችል ምልክት ነው። እርሳስ ይዘው ለማያውቁ አረጋውያን ሰዓት መሣል የትምህርት ፈተና ይሆንባቸዋል። ይህን ውጤት ብቻ ይዞ ከጥናቱ ማስወጣት ሊጠኑ የተፈለጉትን ሰዎች መልሶ ማግለል ነው። ለፈቃደኝነት የሚሻለው መልሶ ማስነገር ነው፦ «ጥናቱ ስለምን እንደሆነ በራስዎ አባባል ይንገሩኝ፤ መተው ቢፈልጉ ምን ያደርጋሉ? ምን ሊያስቸግርዎ ይችላል?» ያልገባው ክፍል እንደገና ተብራርቶ አንድ ጊዜ ይደገማል።

የሚወስዱትን ሲጠየቁ ስም የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው። ቤት ያለው መድኃኒት፣ ቅባትና ቅጠላ ቅጠል ሁሉ በአንድ ከረጢት ይምጣ፤ ጠያቂው የእያንዳንዱን ዋና ንጥረ ነገር ከማሸጊያው ይቅዳ። ፓራሲታሞል በሁለትና በሦስት የንግድ ስም ተደራርቦ መገኘቱ ያጋጥማል፤ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ማለፍ ጉበትን ይጎዳል፣ ለደካማ ሰው ገደቡ ከዚያም ያንሳል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የመሳሰሉት በየቀኑ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ በአረጋውያን ላይ የጨጓራ መድማትና የኩላሊት ጉዳት ያመጣሉ። ተመራማሪው መድኃኒት አይቀይርም፤ ግን ያየውን ወደ ማን እንደሚያስተላልፍ በጽሑፍ ሊኖረው ይገባል። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት መቆጣጠር ማቃት ወይም እግር መስነፍ፣ ሌሊት የሚያስነሣ አዲስ ሕመም ከክብደት መቀነስ ጋር፣ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲነገር ደግሞ ቃለ መጠይቁ ይቆማል፣ ሪፈራል በዚያው ቀን ይጻፋል። የሪፈራል ዝርዝሩ ላይ ያሉት ስልኮች ከመስክ በፊት እየተደወለ ይፈተሹ፤ የማይነሣ ቁጥር ለታመመ ሰው መስጠት ከምንም ይብሳል።

ሥልጠናው ምን ይመስል

የሚታየው ትልቁ ጉድለት የሰዓት ክፍፍሉ ነው። የሕመም ነርቭ አሠራርና ስታቲስቲክስ ቀኑን ይወስዱታል፤ የአጠያየቅ ልምምድ ለመጨረሻው ከሰዓት በኋላ ይቀራል። ቢያንስ ግማሹ ሰዓት በድምፅ አንብቦ መጠየቅ፣ ወንበር ማስቀመጥና የፔይንአድ ቪዲዮ ነጥብ መስጠት ላይ ይዋል። ሠልጣኝ ብቁ የሚባለው ከአሠልጣኙ ጋር ያንኑ ሰው ለየብቻ መዝግበው ሲገጥሙ ነው፤ በፔይንአድ ድምር ከ1 ነጥብ ያልበለጠ ልዩነት እንደ ማለፊያ ይያዝ። መስክ ከተወጣ በኋላም ሰው ሳያውቀው የራሱን አጠያየቅ እየፈጠረ ስለሚሄድ በፈቃድ የተቀዱ ቃለ መጠይቆች በየጊዜው ይደመጡ፣ መረጃ ስብሰባው እኩሌታ ላይ ልምምዱ ይደገም።

ሌላው የሚዘነጋው ማኅበረሰቡ መቼ እንደሚገባ ነው። የአረጋውያን አማካሪ ቡድን ፕሮቶኮሉ ከጸደቀ በኋላ ቢጠራ የሚቀረው ሥራ ማጨብጨብ ብቻ ነው። ጥያቄዎቹ ሲመረጡ ይገኙ። ቅጂው ለአዲስ ቋንቋ ከተዘጋጀ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተርጉሙት፣ ሁለቱ ይታረቁ፣ ዋናውን ያላየ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ ይመልሰው፣ ከዚያ ከ5 እስከ 10 አረጋውያን እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው አባባል ይንገሩን፤ ያደናገራቸው ታርሞ ለሌሎች እንደገና ይቅረብ። ከቤት መውጣት የማይችሉት እንዳይቀሩ ዕቅዱ የቤት ጉብኝት ይያዝ፤ በጤና ተቋም በር ላይ ብቻ የሚሰበሰብ ናሙና ተቋሙ ድረስ መሄድ የቻለውን ሰው ሕመም ብቻ ይለካል። የመጓጓዣ ወጪ በዚያው ቀን በእጅ ይከፈል እንጂ በደረሰኝ ወር አይጠበቅ። ውጤቱ ሲታወቅም መጀመሪያ የሚነገራቸው ተሳታፊዎቹ ይሁኑ፣ በትልቅ ፊደል በታተመ አንድ ገጽ ወይም በድምፅ።

በጀት ሲሠራ ፔግ፣ የተሻሻለው የፊት መለኪያና ፔይንአድ ከሕትመት ያለፈ ወጪ የላቸውም። ለቢፒአይ የፈቃዱ ምላሽ የሚፈጀው ጊዜ ይታሰብ። ዋናው ገንዘብ የሚሄደው ለጠያቂዎቹ የሥልጠና ቀናት፣ ለሁለቱ ወንበሮች ማጓጓዣና ለክትትል ጥሪዎች ነው፤ ገንዘብ ካነሰ የናሙናው ቁጥር ይቀነስ፣ የልምምዱ ሰዓት ግን አይነካ።